ቀሚስና ኅሊና

ሰው በልብሱ ይታያል፤ በምን ይመዘናል? አርጀንቲናዊው ደራሲ ማኑኤል ፑይግ እ.ኤ.አ. በ1976 ካሳተመው ልብ ወለድ ተወስዶ፣ በሄክቶር ባቤንኮ አዘጋጅነት በ1985 ለሕዝብ የቀረበው «የሸረሪቷ ሴት መሳም» የተባለው ፊልም ይህን ጥያቄ እስር ቤት ውስጥ ያነሣዋል።

በአንድ ክፍል ሁለት ሰዎች ታስረዋል። ቫለንቲን የፖለቲካ ታጋይ ነው። ሞሊና የሴት ልብስ የሚለብስ፣ ራሱን እንደ ሴት የሚቆጥር፣ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ በማባለግ የተፈረደበት ነው። ታጋዩ የሚንቀው ግን በወንጀሉ ሳይሆን በአኳኋኑና በሚተርካቸው የፊልም ታሪኮች ነው። ሊጠነቀቅበት የሚገባው ጉዳይ ሌላ ነበር፤ ሞሊና እንደሚፈታ ተስፋ ተሰጥቶት የቫለንቲንን ምስጢር እንዲያወጣ የተመለመለ ሰላይ ነው። ንቀት የታጋዩን ዐይን ስለጋረደው እውነተኛውን አደጋ አላየም። ሰላዩን ከሰላይነቱ የመለሰው ጥርጣሬ ሳይሆን በመካከላቸው የተወለደው ወዳጅነት ነው። ሞሊና ከእስር ወጥቶ መልእክት ሊያደርስ ሲሄድ የቫለንቲን ጓዶች ተኮሱበት፤ ምስጢሩን ግን ለፖሊስ ሳይሰጥ ሞተ።

ፊልሙን ወላይታ ሶዶ፣ ኦቶና ላይ ሆኖ የሚመለከት ሰው «የባዕድ አገር ጉዳይ ነው» ሊል ይችላል። ይሁን እንጂ ከጎፋ በስተደቡብ የሚኖሩት፣ ቋንቋቸውም እንደ ወላይትኛ ከኦሞአዊ ቋንቋዎች የሚመደበው ማሌዎች፣ የሴት ልብስ ለብሰው የሴት ሥራ የሚሠሩ ወንዶችን «አሽቲሜ» ይሏቸው እንደ ነበር አሜሪካዊው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ዶናልድ ዶንሃም በ1990 ባሳተመው መጽሐፍ ጽፏል። ለመውለድ የደረሱ ሴቶች በማይገቡበት የንጉሡ ውስጠኛ ግቢ የቤቱን ሥራ የሚሠሩት አሽቲሜዎች ነበሩ። ዶንሃም በ1975 ያወቀው ግን አንድ ብቻ ነው።

እንግዲህ ንጉሡ አሽቲሜን የፈለገው ስለ አገልግሎቱ ነው፤ ፖሊስ ሞሊናን የፈለገው ስለ ወሬው ነው። ሰውን ስለ ራሱ ሲል የፈለገው ወዳጅነት ብቻ ሆኖ ይገኛል። የኢትዮጵያ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ፆታ ግብረ ሥጋ ግንኙነትን ያስቀጣል። ሕግ ድርጊትን ይዳኛል፤ ሰውን ማወቅ ግን የጎረቤት፣ የመምህርና የከያኒ ድርሻ ነው። ቀሚስ የለበሰን ወንድ ለሣቅ ብቻ የሚያቀርብ መድረክ፣ ተመልካቹን ቫለንቲን በመጀመሪያው ቀን እንደ ነበረው አድርጎ ወደ ቤቱ ይሰደዋል፤ በንቀቱ የረካ፣ አጠገቡ ያለውን ግን ያላየ።