አረጋግጡ፦ ከበረዶ ላይ የተነሳው ድንጋይ

 

ሰሞኑን አንድ ወንድማችን ከሂርና የጥቁር ድንጋይ ፎቶ ላከልኝ። «ከሰማይ የወረደ ነው፣ ፔጁ ላይ ልቀቀው» ይላል። የጨርጨር ተራራ ጥቁር ድንጋይ መች አንሶት ያውቃል? «እስኪ ቆይ» አልኩት። እውነቱን ለመናገር «ቆይ» ማለትን የተማርኩት ዘግይቼ ነው። ወደዚያ እመለሳለሁ።

ከሰማይ የሚወድቅ ድንጋይ የትም ይወድቃል። እኛ ተራራ ላይ ቢወድቅ ግን ከሌላው ማን ይለየዋል? በደቡብ ዋልታ፣ በአንታርክቲካ በረዶ ላይ ግን ጥቁር ነገር ከሩቅ ይታያል። በረዶው ደግሞ እንደ ወንዝ በዝግታ ይፈሳል። ተራራ ሲያግደው ነፋስ ከላይ እየላጠው ለሺህ ዓመታት ተቀብረው የቆዩ ድንጋዮች ብቅ ይላሉ። ሱብሓነላህ!

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 27 ቀን 1984 ሮበርታ ስኮር የተባለች ተመራማሪ አለን ሂልስ በሚባለው ስፍራ ሁለት ኪሎ የማይሞላ ድንጋይ አገኘች። አለን ሂልስ 84001 ተባለ። ወደ ቤተ ሙከራ ተወስዶ ከላዩ ተቆረሰ፤ ቁራጩ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ ተሞርዶ በማይክሮስኮፕ ታየ። ከሰማይ የሚወድቁ አብዛኞቹ ድንጋዮች ውስጣቸው እንደ ዘር ፍሬ ያሉ ጥቃቅን ክብ ነገሮች አሏቸው። ይህኛው የለውም፤ ቀልጦ የረጋ ነው። ስለዚህ ዲዮጀናይት ከሚባለው ወገን መደቡት፤ በፀሐይ ዙሪያ ከሚዞሩት ትናንሽ አካላት ከአንዱ የተፈነጠረ ነው ማለታቸው ነበር። መዝገቡም ተዘጋ።

የመደቡት ሰዎች ሰነፎች አልነበሩም፤ መልኩ ይመስላል። ግን ዴቪድ ሚትልፌልት የተባለ ሳይንቲስት ዲዮጀናይቶችን ሲያጠና የዚህ ድንጋይ ማዕድናት ከጓደኞቹ አልገጥም አሉት። እንደገና መረመረ። በ1993 ድንጋዩ የማርስ ሆኖ ተገኘ፤ በውስጡ ያለው ኦክሲጅን ሲመረመርም ይኸው ተረጋገጠ። ዘጠኝ ዓመት ገደማ በሌላ ስም ተቀምጦ ነበር ማለት ነው።

በ1996 ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች በዚሁ ድንጋይ ውስጥ የጥንት ሕይወት ምልክት ሳናገኝ አልቀረንም አሉ። ወሬው ዓለምን ዞረ፤ ፕሬዚዳንት ክሊንተን ሳይቀሩ ተናገሩለት። ዛሬ አብዛኞቹ ሳይንቲስቶች አይቀበሉትም።

(በነገራችን ላይ ሐጀረል አስወድ ሜትዮራይት ነው የሚል ጽሑፍ የምትልኩልኝ አላችሁ። በቤተ ሙከራ የተረጋገጠ ነገር አይደለም፤ አታሰራጩት።)

ድንጋይ ያለ ስሙ ቢጠራ አይጎዳም። ሰው ግን ይጎዳል። በሱረቱል ሑጁራት 6ኛ አንቀጽ ጌታችን (ሱ.ወ) ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ ያዘናል፤ ሳናውቅ ሰው ጎድተን እንዳንጸጸት። ትንሽ ወረድ ብሎ በ11ኛው በመጥፎ ስም መጠራራትን፣ በ12ኛው መጥፎ ጥርጣሬን ይከለክላል። ይህን ሱራ ልጅ ሆኜ ነው የሐፈዝኩት።

አምና የአንድ የጭሮ ልጅ ፎቶ በቴሌግራም ደረሰኝ፤ «ሌባ ነው፣ ተጠንቀቁ» ይላል። ፊቱን አውቀዋለሁ፤ በጁሙዓ ከኋላ ሶፍ ይቆም ነበር። አንድ ደቂቃ እንኳ ሳልቆይ ለሦስት ግሩፕ አስተላለፍኩት። ከአራት ቀን በኋላ ስልኩን የወሰደው ሌላ ሰው እንደሆነ ታወቀ፤ ልጁ ለባለቤቱ ሊመልስ ሲፈልግ ነበር የተነሳው ፎቶው። የላክሁትን አጠፋሁ፤ ማስተካከያም ጻፍኩ። ፎቶውን ያዩት ብዙ ነበሩ፣ ማስተካከያዬን ያነበቡት ግን ጥቂት።

ከዚያ ወዲህ መስጊዳችን አልመጣም። ወደ ሚኤሶ ሄዷል የሚሉ አሉ፤ እዚሁ ነው የሚሉም አሉ። እናቱ ቤት የት እንደሆነ አውቃለሁ። እስካሁን አልሄድኩም፤ አፍሬ ነው። ዛሬ ከሰላት በኋላ ኢንሻአላህ እሄዳለሁ። ዱዓ አድርጉልኝ።