ኃይል ስለ ጨመረ ሞተርና በውስጡ ስለ ቀረው አሮጌ ዕቃ

የተወደድህ አንባቢ ሆይ፥ ይህች ትንሽ ጽሑፍ ስለ መኪና ሞተር ስለምትናገር ከመጀመሪያው ገጽ እንዳትጥላት እለምንሃለሁ። ጌታችን ሕዝቡን ሲያስተምር ስለ መረብና ስለ እርሾ፥ ስለ መብራትና ስለ አቁማዳ ይናገር ነበር፤ ይኸውም ሰሚዎቹ በየዕለቱ በእጃቸው ይይዙት የነበረ ነገር ነው። ዛሬ በከተማ የሚያድግ ወጣት ግን አቁማዳ አይቶ አያውቅም፤ ፒስተንን ግን ያውቃል። ስለዚህ እኔም ካየሁት ነገር ተነሥቼ እናገራለሁ።

በማኅበራችን አንድ ወጣት አለ። ስሙን አልጠራም፤ ነገሩን እንድጽፈው ግን እርሱ ራሱ ፈቅዶልኛል። ዲኤክስ እያልን የምንጠራት አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ ነበረችው፤ ሞተሯም 4ኬ የሚባለው 1290 ሲሲ ነበረ። ይህች መኪና ትሑት መኪና ናት፤ ወጣቶች ግን ይወድዱአታል፥ ኃይልም ሊጨምሩባት ብዙ ይደክማሉ። እናቱ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። ዕቁብ በደረሳቸው ጊዜ፦ ሞተርህን አሳድስና በደኅና ንዳ፥ እኅትህንም ሐኪም ቤት ታመላልሳለህ ብለው ገንዘቡን ሰጡት።

እርሱም ወደ ጋራዥ ሄደ። ቫልቮቹን ከፊተኛው ይልቅ ከፍ አድርጎ የሚከፍት አዲስ ካምሻፍት፥ ከእርሱም ጋር ጠንካራ የቫልቭ ሞላዎችና ሁለት ካርቡራቶር ገዛ፤ እመቃው እንዲጨምርም ቴስታታውን አስላጨ። ባለ ጋራዡ ሽማግሌ ሰው ነበሩና ሞተሩን ፈትተው ካዩ በኋላ፦ ልጄ፥ የቢዬላው ብሮንዝ ተበልቷል፤ ቡሎኖቹም ብዙ ዘመን ሠርተዋል፤ ካምሻፍቱ ከተለወጠ በላዩ የሚቀመጡት ገፊ ብረቶችም ይለወጡ፤ ሲሊንደሩም ይለካ አሉት። ወጣቱ ዕቃዎቹን በእጁ አገላብጦ ተመለከተ፤ ዓይኑም ምንም ነውር አላገኘባቸውም። እነዚህን በሞተር ውስጥ ተከድነው የሚቀሩትን ማን ያያቸዋል? ብሎ አሰበ። አሮጌዎቹ ታጥበው እንዲመለሱ አዘዘ፤ በቀረውም ገንዘብ የሚያበራ አዲስ ቸርኬ ገዛ። እናቱም በጠየቁት ጊዜ፦ ሁሉም አዲስ ሆኗል ብሎ መለሰላቸው።

ስለ ሞተር የማታውቅ ብትሆን ጥቂት ታገሠኝ፤ ይህን ካላስተዋልህ የሚከተለውን አታስተውለውምና። ሞተር በደቂቃ 6000 ጊዜ ሲዞር፥ እያንዳንዱ ፒስተን በአንድ ሰከንድ 200 ጊዜ ቆሞ 200 ጊዜ ደግሞ ወደ ኋላው ተመልሶ ይሮጣል። ፒስተኑን ከታች ከሚዞረው ከኮሎዶካ ጋር የሚያያይዘው ክንድ ቢዬላ ይባላል፤ እርሱም በሁለት ቡሎኖች ታስሮ ኮሎዶካውን ያቅፋል። ፒስተኑ ወደ ላይ ሮጦ በሚመለስበት ቅጽበት ያን ሁሉ ሩጫ ይዘው የሚያስቀሩት እነዚያ ሁለት ቡሎኖች ናቸው። ዙሩ ከ6000 ወደ 7200 ቢያድግ የጨመረው አምስተኛ እጁ ብቻ ነው፤ ቡሎኑን የሚስበው ኃይል ግን ዙሩ በራሱ ሲባዛ እንደሚያድገው ያድጋልና፥ 100 የነበረው 144 ይሆናል። ብረትም እንደ ሰው ይደክማል። ከብዙ መሳብ የተነሣ ከጠጉር የቀጠነ ስንጥቅ ይጀምረዋል፤ በየዙሩም ጥቂት በጥቂት ይረዝማል፤ ከውጭ ሲያዩት ግን ጤነኛ ይመስላል። አዋቂዎች ይህን ስለሚያውቁ ብረቱን በማግኔት ኃይል ሞልተው የብረት ዱቄት ይነሰንሱበታል፤ ስንጥቅ ባለበት ስፍራ ዱቄቱ ተሰብስቦ መስመር ይሠራል። ያን ጊዜ የተሰወረው ይገለጣል።

የገፊ ብረቶቹ ነገር ከዚህ ይልቅ ያስደንቃል። አዲስ ገፊ ብረት ታቹ ለጥ ያለ ቢመስልም በእውነት እጅግ በጥቂቱ ጉብ ያለ ነው፤ ስለዚህ ካምሻፍቱ ሲገፋው በራሱ ዙሪያ ይሽከረከራል፥ አንዱም ስፍራ ለብቻው አይበላም። ብዙ ዘመን የሠራው ግን ጉብታው አልቆ ለጥ ይላል፥ አንዳንዱም ይጎደጉዳል። ከቀድሞ ካምሻፍቱ ጋር በዚያው በቀድሞ ስፍራው ቢመለስ ሁለቱ አብረው ያረጁ ናቸውና ሌላ ዘመን ሊሠራ ይችላል። ከአዲስ ካምሻፍት ጋር በተገናኘ ጊዜ ግን መሽከርከር ትቶ ይፍቀዋል። ስለዚህ አሮጌው አዲሱን ያበላሸዋል እንጂ አዲሱ አሮጌውን አያድሰውም። በማቴዎስ ወንጌል በ9ኛው ምዕራፍ ጌታችን በአሮጌ ልብስ ላይ ስለሚጣፍ አዲስ ጨርቅ የተናገረውን እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ በሚስዮን ትምህርት ቤት በቃሌ አጥንቼው ነበር፤ ያስተዋልሁት ግን ያን የተፋቀ ካምሻፍት በእጄ በያዝሁበት ቀን ነው።

መኪናዋ ሦስት ሳምንት ያህል በሚያስደንቅ ኃይል ሮጠች፤ ባልንጀሮቹም አመሰገኑት። ከዚያ በኋላ ድምፅዋ ተለወጠ። የተፋቀው ብረት ደቅቆ ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሎ ነበርና፥ ዘይቱ ወደሚሄድበት ሁሉ ሄደ፤ አስቀድሞ የተበላውንም ብሮንዝ ጨረሰው። ብሮንዝ በብረት ጀርባ ላይ የተለበጠ ስስ ለስላሳ ማዕድን ነው፤ በእርሱና በኮሎዶካው መካከል ያለው ክፍተት በሚሊ ሜትር መቶኛ የሚቈጠር ነው፥ በዚያም ውስጥ የዘይት ሽፋን ቆሞ ብረት ከብረት እንዳይነካካ ይጠብቃል። ክፍተቱ ሲሰፋ ዘይቱ ይፈስሳል፤ ብረትም ብረትን ይቀጠቅጣል። ወጣቱ ያን መንኳኳት ሰምቶአል። አንድ ባልንጀራው ወፍራም ዘይት ጨምርበት ቢለው ጨመረ፤ መንኳኳቱም ለጥቂት ቀን ዝም አለ። (መኪና የሚሸጡ አንዳንድ ሰዎች ገዢው እንዳይሰማ ይህንኑ ያደርጋሉ። ይህ ብልሃት ሳይሆን ስርቆት ነው፤ ቅዱስ ቍርባን የሚቀበል ሰው የሚያደርገው ከሆነ ደግሞ ምን እንደምለው አላውቅም።)

ከጥቂት ቀን በኋላ እኅቱን ከሕፃንዋ ጋር ጭኖ ወደ አዳማ በሚወስደው የፍጥነት መንገድ ሲሄድ፥ ከቢዬላው ቡሎኖች አንዱ ተበጠሰ፤ ቢዬላውም የሞተሩን ግድግዳ ሰብሮ ወጣ። የፈላ ዘይት በመንገዱ ላይ ፈሰሰ፥ መኪናዋም በጢስ ተሸፍና በሚሮጡ መኪናዎች መካከል ቆመች። ከኋላ የመጣው የጭነት መኪና ሾፌር አስተዋይ ሰው ስለ ነበረ ወደ ዳር አለፈ። በእግዚአብሔር ምሕረት ማንም አልሞተም። ዳሩ ግን ያ ወጣት በዚያን ቀን ማታ ወደ ቤቴ መጥቶ በተቀመጠ ጊዜ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ በመጨረሻም፦ ጋሼ፥ የሰበረኝ አዲሱ ካምሻፍት ነው አለኝ።

እኔም፦ ልጄ፥ አይደለም፤ ስንጥቁ አስቀድሞ ነበረ፤ ኃይሉ አገኘው እንጂ አልፈጠረውም አልሁት።

አንባቢ ሆይ፥ ላሳይህ የምወድደው ይህን ነው። በትንሽ ኑሮ ውስጥ ያልተመረመረ ነውር ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ይኖራል፤ ሸክሙ ትንሽ ነውና። ዙሩ በጨመረ ጊዜ ግን፥ ይኸውም ሹመት ወይም ገንዘብ ወይም ዕውቀት ወይም የመንፈስ ስጦታ እንኳ በመጣ ጊዜ፥ የሚሳበው በዚያው በደከመው ስፍራ ነው፤ አሳቡም ስጦታው ካደገው ይልቅ አብልጦ ያድጋል። የይሁዳን ንጉሥ ዖዝያንን አስብ። በ16 ዓመቱ ነገሠ፥ 52 ዓመትም ገዛ። ግንብ ሠራ፥ ጕድጓድ ቈፈረ፥ በኢየሩሳሌምም ብልሃተኞች ያወጡትን ፍላጻና ታላላቅ ድንጋይ የሚወረውር መሣሪያ አሠራ። በደከመበት ዘመን እግዚአብሔርን ይፈልግ ነበር፤ በበረታ ጊዜ ግን ልቡ ታበየና ለካህናት ብቻ የተፈቀደውን ዕጣን ሊያጥን ወደ መቅደስ ገባ፤ 80 ካህናትም ተቃወሙት፥ ለምጽም በግንባሩ ላይ ወጣ። ትዕቢቱ በዚያች ቀን የተወለደ ይመስልሃልን? እኔስ አይመስለኝም። እስኪበረታ ድረስ የሚሳብበት ቀን አልመጣም ነበር እንጂ።

ስለ ሌላ ሰው ብቻ እየተናገርሁ ራሴን እንዳልሸሽግ፥ የራሴንም ልንገርህ። በሀገር ቤት የፊደል መምህር ሳለሁ ከታላቅ ወንድሜ ጋር ስለ አባታችን መሬት ተጣልቼ ነበር። ክርስቶስን ካመንሁ በኋላ ብዙ ነገር ተለወጠብኝ፤ ያችን ቂም ግን ታጥባ ወደ ስፍራዋ ተመለሰች። ሕፃናትን ሳስተምር ምንም አላደረገችኝም። ማኅበሮች እንድጠብቅና በሰዎች መካከል እንድፈርድ በተሾምሁ ጊዜ ግን፥ ሁለት ወንድማማቾች ስለ ርስት ተካስሰው ወደ እኔ መጡ፤ እኔም ታናሹን ሳልመረምር አጸደቅሁት፥ ታላቁንም አዋርጄ ሰደድሁት። ያ ሰው ዳግመኛ ወደ ጸሎት ቤት አልመጣም። በእርሱ ላይ የፈረድሁት እኔ አልነበርሁም፥ ያች ቂም ናት እንጂ፤ እንዲህ ማለቴ ግን ከበደል አያነጻኝም።

ደግሞ ስለ ማኅበር አንድ ነገር ልበል። ለመዘምራን አዲስ ልብስና ከሩቅ የሚሰማ የድምፅ ማጉያ ለመግዛት በፍጥነት እናዋጣለን፤ የገንዘብ ያዡ መዝገብ ግን ሳይመረመር ዓመት ያልፋል፤ የተቀያየሙ ሽማግሌዎችም በአንድ ወንበር ተቀምጠው ይጸልያሉ። ይህስ ቸርኬ መግዛት አይደለምን?

ነገር ግን ይህን ሰምተህ ያረጀ ሁሉ ይጣል ብዬ የማስተምር እንዳይመስልህ። ያገለገለ ዕቃ ኃጢአት አይደለም፤ ከሶማሌ ተራ በተገዛ ያገለገለ ዕቃ ብዙ ቤተ ሰብ እንጀራ በልቷል። ልዩነቱ በመለካት ነው። ያ ሽማግሌ ባለ ጋራዥ የተሰበረውን ሞተር ሲፈቱ እኔም አጠገባቸው ቆሜ ነበር። የሲሊንደሩን አፍ በጥፍሬ እንድዳስስ አደረጉኝ፤ ፋሻ፥ ይኸውም በፒስተን ዙሪያ ያለው ቀለበት፥ በማይደርስበት በላይኛው ጫፍ ያልተበላ ስፍራ እንደ ደረጃ ሆኖ ቀርቶ ነበር። እኔም፦ እንግዲህ አዲስ ፋሻ ቢገባ ይበቃልን? ብዬ ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም፦ አይበቃም፤ አሮጌው ፋሻ ከደረጃው ጋር ተስማምቶ አርጅቷል፤ አዲሱ ጠርዙ ስለታም ነውና ያንን ደረጃ መትቶ ይሰበራል፤ አስቀድሞ ደረጃው ይላጣል አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ያሉኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። በዚህ 4ኬ ሞተር የሲሊንደሩ ስፋት 75 ሚሊ ሜትር ነው። ግድግዳው ያልተሰነጠቀ ሞተር ከተበላ ወደ ቶርኖ ቤት ይሄዳል፤ በዚያም ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ሰፍቶ፥ በልኩ የተሠራ ትልቅ ፒስተን ይገባለታል። ኮሎዶካውም ቢፋቅ ሩብ ሚሊ ሜትር ያህል ተስሎ በልኩ ወፍራም ብሮንዝ ይደረግለታል፤ እንዲህ የታረመው ከብዙ አዲስ ይልቅ ይታመናል። አንድ ጊዜ የተጨፈለቀ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ግን ከቶ አይመለስም። ዛሬ በሚሠሩ ብዙ ሞተሮችም እስኪለጠጡ ድረስ የሚጠብቁ ቡሎኖች አሉ፤ እነርሱም አንድ ጊዜ ከተፈቱ ይጣላሉ እንጂ አይታሰሩም። የትኛው እንደሚታረም፥ የትኛውም እንደሚጣል ዓይን አይነግርህም፤ መለኪያ ይነግርሃል እንጂ አሉኝ።

ወንድሜ ሆይ፥ እግዚአብሔርም ከአንተ ጋር እንዲሁ ያደርጋል። ሰውነትህን አይጥልም፤ ቋንቋህን፥ ሙያህን፥ የተፈጥሮ ትኵሳትህን አይጥልም፤ ለክቶ፥ ስሎ፥ አርሞ ይሠራበታል። ሐሰትን ግን አያርማትም፤ የሰው ገንዘብ መያዝንም አያርምም፤ እነዚህ ይወጣሉ። ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ በተቀበለ ቀን ቤቱን አላስጌጠም፤ ለበደላቸው ሰዎች አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። ስለዚህ ከፍ ያለ አገልግሎት ወይም ሰፊ ንግድ ወይም ትዳር እንዲሰጥህ የምትጸልይ ከሆንህ፥ አስቀድሞ እንዲፈታህና እንዲለካህ ለምነው፤ መንኳኳቱንም በሰማህ ጊዜ ወፍራም ዘይት አታፍስስበት።

እኔ ለወንድሜ ደብዳቤ ጻፍሁ፤ ያን በግፍ የፈረድሁበትንም ሰው በቤቱ ሄጄ ለመንሁት። ወንድሜ መለሰልኝ፤ ሰውዬው ግን ገና አልመለሰልኝም።

ወጣቱም ቸርኬውን ሸጠ። ከባለ ጋራዡም ያን የተበላ ብሮንዝ ለምኖ ወሰደና በወረቀት ጠቅልሎ ወደ እናቱ ገባ፤ በደጅ ድረስ ሸኘሁት። ነጩ ልባስ አልቆ መዳቡ ይታይ ነበር። በእጃቸው ላይ አኖረላቸውና፦ እማዬ፥ ሁሉም አዲስ ሆኗል ያልሁሽ ሐሰት ነው፤ ገንዘብሽን ለቸርኬ አደረግሁት አላቸው። እናቱ ያችን ቅርፊት የምታህል ብረት እያገላበጡ ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም፦ አዲሱ ስንት ነበር ዋጋው? ብለው ጠየቁት። እርሱም ነገራቸው።