የጠጣነው ሐይቅ

ሐሮማያ ተመልሷል። ውሃው አለ፣ ወፎቹ አሉ፣ የወንድሞቼና የእህቶቼ ልጆች ዳሩ ላይ ሲሯሯጡ ውለው ጨርቃቸውን አርሰው ገብተዋል። እኔ ግን አብሬያቸው ሄጄ ከተመለስኩበት ቀን ጀምሮ ልቤ አላረፈም። የጠፋበት ሰው ሲያገኝ ደስ ይለዋል፤ እኔን ለምን ከፋኝ? የተሰማኝ ቁጣ ይመስላል፤ በማን ላይ እንደሆነ ግን ለይቼ አላወቅሁትም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልመረምረው ተነሣሁ።

ሐይቁ ከሐረር በድሬዳዋ መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ያኔ አለማያ እንለው ነበር። አባባ በሐረር ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሥራ የቀናቸው ሰሞን፣ የጎረቤታችን ፔጆ 404 ባዶ ሆና ስትገኝ፣ እሑድን ለሐይቁ ይሰጡታል። እማዬ ከሌሊት ተነሥታ ድንችና እንቁላል ትቀቅላለች፤ ሆጃ የምንለውን መጠጥ በወተት አፍልታ በፔርሙዝ ትሞላለች፤ የባቢሌ ኦቾሎኒ በጨርቅ ይቋጠራል። አወዳይን አልፈን ውሃው ብቅ ሲል መጀመሪያ ያየው ልጅ ይጮኻል። አባባ ከመኪና ወርደው ቀጥታ ወደ ዳሩ ይሄዱና ጎንበስ ብለው ፊታቸውን ይታጠባሉ፤ እኛንም አንድ በአንድ ያስታጥቡናል። ከዚያ በፊት ምግብ አይነካም። ለምን እንደሆነ አልነገሩንም፤ እኛም አልጠየቅንም።

መጀመሪያ የመጣልኝ መልስ ሁሉም ሰው የሚሰጠኝ ነው፤ የናፈቀህ ሐይቁ ሳይሆን ልጅነትህና አባትህ ናቸው፣ እነሱ ደግሞ ከውሃው ጋር አልተመለሱም። ይህን ለአንድ ሰሞን ተቀብዬው ነበር። ነገር ግን አባባ የወሰዱን ሐሮማያ ብቻ አልነበረም። ለታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል ወስደውናል፤ ያን ሁሉ ሕዝብ እየገፋን ስንወጣ ትንሿ እህቴ በትከሻቸው ላይ ነበረች። በባቢሌ መንገድ ዳከታ ሸለቆ ወስደው እነዚያን የተደራረቡ ድንጋዮች አሳይተውናል። ማታ ማታ ከጀጎሉ ፈላና በር ውጭ ጅብ ሲበላ አቁመውናል፤ እጃችንን ጭምቅ አድርገው ይዘው። ወደነዚህ ሁሉ ካደግሁ በኋላ ተመልሻለሁ። ቁልቢ ላይ አለቀስኩ፤ ዳከታ ላይ ዝም አልኩ፤ ጅቦቹ ጋ ሳቅሁ። የትም አልተቆጣሁም። አባባ በእነዚያም ቦታዎች የሉም፣ ልጅነቴም የለም። ምክንያቱ እሱ ቢሆን ኖሮ ቁጣው በሁሉም ቦታ በመጣ ነበር። ስለዚህ ነገሩ ከሐይቁ ራሱ ነው።

እንግዲህ የሐይቁን ነገር ማን ነገረን? እዚህ ላይ አስተማሪዎቼን ሳልነካ ማለፍ አልችልም። ሰባተኛ ክፍል ሳለን የጂኦግራፊ መምህራችን የኢትዮጵያን ሐይቆች ከነጥልቀታቸውና ከነስፋታቸው አስሸመደዱን። አንድ ልጅ ተነሥቶ፣ “ቲቸር፣ የሐረር ቧንቧ ውሃ ከአለማያ ነው የሚመጣው ይላሉ፤ አያልቅም ወይ?” አለ። መምህሩ፣ “ሐይቅ ያልቃል እንዴ?” ብለው ክፍሉን አሳቁበት፤ ቀጥለውም ደወል እስኪደወል አንበረከኩት። በዚያ ክፍል ውስጥ ስለዚያ ሐይቅ አንድ ነገር ያሰበ ሰው ቢኖር ያ ልጅ ብቻ ነበር። ዛሬም ድረስ ያናድደኛል። አለማወቅ አያስቀጣም፤ የሚያውቀውን ማንበርከክ ግን ሌላ ነገር ነው።

ሐይቁ በ1997 ዓ.ም. ገደማ ደረቀ። በአንድ ወቅት እስከ 8 ሜትር ይጠልቅ የነበረው ውሃ አልቆ መሬቱ ተሰነጠቀ፣ ከዚያ ሣር በቀለበት፣ ከብት ተሰማራበት። ያኔ ደግሞ የንስሐ አባታችን የኃጢአታችን ዋጋ ነው አሉን። ታዲያ አሁን ሲመለስ ጻድቃን ሆንን ማለት ነው? በዚህ ላይ አልዘገይም። ቆይቶ በአንድ ስብሰባ ላይ የቀረቡ ባለሙያ የተፈጥሮ ዑደት ነው፣ የአየር ንብረት ነው ብለው ተቀመጡ። ዝናብ ያንሳል፣ ይበዛል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ለጫቱና ለአትክልቱ ውሃ የሚስበው ሞተር ከሰማይ አልወረደም። ዛፉ ከተመነጠረው ኮረብታ እየታጠበ ሐይቁን የሞላው አፈር በዑደት አልመጣም። ወደ ሐረር የተዘረጋው ቧንቧም እንዲሁ። ሦስቱም መልሶች አንድ ጠባይ አላቸው፤ ጠያቂውን ያስቀምጡታል።

ለእነዚህ ሁሉ መልስ አለኝ። የቸገረኝ የታላቅ እህቴ የእታለም ነገር ነው። ከሐይቁ ስንመለስ መኪና ውስጥ ሳጉረመርም ሰምታ፣ “አቦ ተወኝ!” አለች። “አንተ ሐይቁን መች ታውቀዋለህ? ለሽርሽር ነበር የምትሄደው። እኛኮ ነን የጠጣነው። ጠጥቶ የጨረሰ ሰው ደግሞ ያለቅሳል?”

እውነቷን ነው። ሐረር ለአሥርተ ዓመታት የጠጣችው ያንን ሐይቅ ነው። ግቢያችን ውስጥ ቧንቧ የገባ ቀን አባባ ቆመው ሲከፍቱትና ሲዘጉት፣ ሲከፍቱትና ሲዘጉት ትዝ ይለኛል። እሑድ ሄደን ያየነውን ሰኞ በብርጭቆ እንጠጣው ነበር። ለኀዘን መብት የለህም የሚለኝ ሰው ቢመጣ በምን እከራከረዋለሁ?

መጀመሪያ፣ ልጅ ነበርኩ፣ አላውቅም ነበር አልኩ። ይህ ለእኔ ይበቃ ይሆናል፤ ለአባባ ግን አይሆንም፤ እሳቸውን ከዚህ ክርክር ውጭ ትቼ ራሴን ብቻ ማዳን አልፈልግም። ቀጥዬ ሁሉም ጠጥቷል፣ ገበሬውም ስቧል አልኩ። እታለም ይህንንም አልተቀበለችኝም፤ “ዳሩ ላይ ካሮት ይሸጥልን የነበረውን ልጅ ጠይቀው እስቲ” አለችኝ። ያንን ልጅ ከየት አገኘዋለሁ? ብቻዬን ተመልሼ ሄድኩና ዳሩ ላይ የእኔን ዕድሜ የሚሆን አንድ ገበሬ አነጋገርኩ። ሐይቁ ሲደርቅ መሬቱን ቆፍረው ከሥሩ ውሃ ያወጡ እንደነበር ነገረኝ። ጎረቤት ሲቆፍር እሱ የበለጠ ይቆፍራል፤ ያኛው ደግሞ ከዚያ የበለጠ። አሁን ውሃው ሲመለስ የተከለው ጫት ውስጡ ቀረ። ደስ ብሎሃል ወይስ ከፍቶሃል ብዬ ጠየቅሁት። ሁለቱንም አለኝና እኔ ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝ። ከሐረር አልኩት። “እናንተስ አሁን ውሃ ከየት ነው የምትጠጡት?” አለ። ወደዚህ ጥያቄ እመለሳለሁ።

ሦስተኛው ክርክሬ የተሻለ ይመስለኝ ነበር። ልጅ እናቱን ጠብቶ ያድጋል፤ እናቱ ስትሞት ግን ጠብተሃታልና አታልቅስ የሚለው የለም፤ እንዲያውም የጠባ ነው የሚያለቅሰው። ይህን ለእታለም ስነግራት ትንሽ አሰበችና፣ “ለአራስ ገንፎ ይገነፋላታል፣ ዶሮ ይታረድላታል። አንተ ለሐይቁ ምን አበላኸው?” አለችኝ። አንድ ዛፍ አልተከልንም። አንድ እርከን አልሠራንም። ፊታችንን ታጥበን፣ በልተን፣ ጨርቃችንን አራግፈን መጣን። ለዚህ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁም፤ ለወራት አብሮኝ ተኝቶ አብሮኝ ተነሥቷል።

ስለ ውሃ ካነሣሁ ግን የአባባን ሞት ማለፍ አልችልም። ያረፉት ሐይቁ በደረቀበትና ሐረር በውሃ በተጨነቀችበት ዘመን ነው። በየሰፈሩ የጀሪካን ሰልፍ ነበር፤ በአህያ የሚመጣ ውሃ ይገዛ ነበር። ሌሊት አረፉ፤ ሬሳው የሚታጠብበት ውሃ ቤት ውስጥ አልነበረም። ቧንቧውን ከፈትኩት፤ አየር ብቻ ተነፈሰ። የጀጎል ጎረቤቶቻችን፣ ከእማዬ ጋር ዕድሜ ልካቸውን ቡና የተጣጡት ሐረሪ እናቶች፣ ገና ሳይነጋ ለየቤታቸው ካስቀመጡት ላይ ጀሪካን ጀሪካናቸውን ይዘው መጡ። አባባ የታጠቡት በእነዚያ ሴቶች ውሃ ነው። ያን ሌሊት ሐይቁን በሙሉ ልቤ ጠላሁት፤ ልክ እንደ ከዳኝ ሰው። ይህም ሐሳብ እንደማያስኬድ አውቃለሁ። ቢሆንም ዳሩ ላይ ቆሜ የተሰማኝ ቁጣ ከፊሉ ከዚያ ሌሊት የቀረ ሳይሆን አይቀርም፤ ለእሳቸው ዘግይቶ ለልጆቹ ደረሰ። ከፊሉ እላለሁ፤ ሁሉም ቢሆን ኖሮ ይህን ስጽፍ በቀለለኝ ነበር።

ወደ ገበሬው ጥያቄ ልመለስ። ዛሬ ሐረር የምትጠጣው ከድሬዳዋ በኩል ከቆላው ከርሰ ምድር የሚወጣ ውሃ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ላይ ናት፤ ውሃው ተገፍቶ ከ2,000 ሜትር በላይ ያለውን ደጋ አቋርጦ ይመጣል። እንግዲህ የወንድሜ ልጆች ዛሬ ሐሮማያ ዳር ሲጫወቱ የሚያዩትን አይጠጡም፣ የሚጠጡትንም አያዩም። በእታለም አስተሳሰብ ከሄድን የእነሱ ሽርሽር ከእኛ ንጹሕ ነው፤ በሐይቁ ላይ ዕዳ የለባቸውም። እዚህ ላይ ስደርስ ቁጣዬ ከየት እንደመጣ ያየሁ መሰለኝ። ዕዳው አልጠፋም፤ ተሻግሮ ቆላ ወርዷል። ከዓይን ርቆ መሬት ውስጥ ያለ ውሃ ቢጎድል ማን ያየዋል? ማን ሽርሽር ሄዶ ዘንድሮ ዳሩ ሸሸ ብሎ ይደነግጣል? እኛ ቢያንስ አይተናል። አባባ ከሞታቸው በፊት በነበሩት የመጨረሻ ሽርሽሮች መኪናው ከቆመበት እስከ ውሃው ያለውን መንገድ በእግራቸው እየለኩ ረዘመ ይሉ ነበር። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ መለካት ያውቃሉ።

ስለዚህ አሁን የምይዘው ይህን ነው። እነዚያ እሑዶች ሽርሽር ብቻ አልነበሩም፤ አንድ ቤተሰብ የሚያኖረው ነገር አጠገብ ሄዶ የሚቀመጥበት፣ ፊቱን የሚታጠብበት ቀን ነበር። አባባ ይህን አስበውት ያድርጉት አያድርጉት አላውቅም። ምናልባት አቧራ ነበር የሚያጥቡት። እታለም እንደዚያ ትላለች፤ ከእኔ ይልቅ ታስታውሳቸዋለች። ማየትም ማዳን እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ እኛ እያየነው ነው ያለቀው። ሆኖም ያላየ ሰው ከእኛ የተሻለ ይጠብቃል የሚለኝ ካለ ይምጣና ያስረዳኝ።

ለክረምቱ እረፍት ልጆቹን ይዤ ወደ ድሬዳዋ ቆላ ልወርድ አስቤያለሁ፤ ውሃው የሚወጣበትን ጉድጓድ ላሳያቸው። እታለም ሰምታ ሳቀች። አጥርና የብረት ቱቦ ነው የምታዩት፣ ጥበቃውም አያስገባችሁ ይሆናል፣ ልጆቹም በሙቀት ያለቅሱብሃል አለችኝ። ሁሉም ሊሆን ይችላል። ምሳ አዘጋጂልኝ አልኳት፤ ሆጃውንም።