ዘር መጠበቅ ምጽዋት ነውን?

ለተራበ ሰው እንጀራ የሚቈርስ ምጽዋት ሰጪ መባሉን የሚጠራጠር የለም። ነገር ግን ያ የተራበው ሰው በሚመጣው ዓመት ደግሞ እንዳይራብ፥ በእርሻና በዘር፥ በጐተራም ነገር እያሰበ ዕድሜውን የሚፈጽመውን ሰው ምን እንበለው? ብዙዎች ደመወዝተኛ ነው ብለው ያልፉታል። ልጁ የግብርና ትምህርት ሲመርጥ፥ «ከጭቃ ባወጣው ተመልሶ ወደ ጭቃ» እያለ የሚያዝን አባትም አይታጣም። እኛ ግን ይህ ሥራ ከምጽዋት ወገን የሚቈጠር ይመስለናል።

በ1977 ዓ.ም. ረኃብ በወሎና በትግራይ ብዙ ገበሬዎች ለዘር ያኖሩትን እህል በልተዋል። ይህስ ኃጢአት ነውን? አይደለም፤ ልጁ በፊቱ የሚያጣጥር አባት አንዲት ቍና ዘር ታቅፎ ሊቀመጥ አይገባውም። ጥፋቱ የእርሱ ሳይሆን፥ ያ ዘር ሲያልቅ ሌላ እንዲገኝ አስቀድመን ማሰብ የሚገባን የሁላችን ነው። ዘሩ ከተበላ ዝናሙ ቢመለስ እንኳ መሬቱ ጦሙን ያድራልና፥ የአንድ ዓመት ረኃብ የሁለት ዓመት ይሆናል። ከዚህም በላይ ልጅ ከአባቱ እየተቀበለ ያቈየው፥ የዚያን አገር ውርጭና ድርቅ የለመደው የገብስና የማሽላ ዓይነት ለዘለዓለም ይጠፋል።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1976 በጀርመን መንግሥት ርዳታ በአዲስ አበባ የዕፅዋት ዘር ማኖሪያ ማዕከል ተቋቁሞ ነበር። ማዕከሉን ለብዙ ዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ በዚያ የድርቅ ዘመን ሊጠፋ የቀረበውን ዘር ከየአገሩ አሰበሰቡ። ነገር ግን በቀዝቃዛ ክፍል ቈልፎ ማኖሩ ብቻ አልበቃቸውም፤ ገበሬው ራሱ በማሳው እየዘራ፥ እየመረጠ እንዲጠብቀው ወደ እጁ መለሱለት። ስለዚህም ሥራቸው በ1989 በስዊድን «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ።

ወደ ገበሬው መመለሱን ያነሣነው በከንቱ አይደለም። ዮሴፍ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ከምርቱ አምስተኛውን እጅ አከማችቶ ግብፅን ከሞት አድኗል። ሆኖም ሕዝቡ ያን እህል ለመብላት አስቀድሞ ብሩን፥ ቀጥሎ ከብቱን፥ በኋላም ርስቱንና ራሱን ለፈርዖን እንደ ሰጠ በዚያው መጽሐፍ ተጽፏል። ጻድቁን ለመንቀፍ አይደለም፤ ጐተራ ሞልቶ ነፍስ እየዳነ፥ ሰው ግን ባሪያ ሊሆን እንደሚችል ለማሳሰብ ነው እንጂ። ሩት የቃረመችበት ሕግ ግን ሌላ መንገድ ያሳያል፤ የእርሻው ባለቤት ዳርቻውን ሳያጭድ ለድኻና ለመጻተኛ እንዲተው ያዝዘዋልና፥ ድኻው በልመና ሳይሆን በድርሻው ይገባል።

ከካህናቶቻችን ብዙዎቹ ራሳቸው አራሾች ስለ ሆኑ ይህን ነገር ከማንም ይልቅ ያውቁታል። እንግዲህ አንድ ወጣት ይህን ሙያ ሊይዝ አስቦ የንስሓ አባቱን ሊያማክር ቢመጣ፥ በመስቀል ባርኮ ከማሰናበት አስቀድሞ፥ ዘሩን ለማን ሊጠብቅ እንደ ሆነ፥ የጐተራውም ቍልፍ በማን እጅ እንደሚቀመጥ ሊጠይቀው ይገባል እንላለን።