እርጥቡን ከላይ

 

በጁሙዓ ቀን ስም በተጠራችው ሱራ ውስጥ ስለ ንግድም ተነስቷል። ለሶላቱ ጊዜ መሸጥ መግዛቱ እንዲቆም፣ ከሶላቱ በኋላ ግን ሰው ወደ ጉዳዩ ወጥቶ የአላህን ችሮታ እንዲፈልግ ታዘናል። እንግዲህ ዛሬ የምናወራው ከመስጊድ በር ከወጣን በኋላ ስላለው ነገር ነው።

አባታችን (አላህ ይዘንላቸው) ከሞቱ በኋላ ጉርድ ሾላ ያለውን ቤታችንን ቶሎ መሸጥ ነበረብን። ዕዳ ነበረባቸው። ውርስ ከመከፋፈሉ በፊት የሟች ዕዳ እንደሚከፈል ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ የቸኮልነው ለገንዘብ ጓጉተን ሳይሆን አባታችንን ለማሳረፍ ነበር።

ቤቱ ጥሩ ቤት ነው። አንድ ነገር ብቻ አለበት። የኋለኛው መኝታ ክፍል ግድግዳ በየክረምቱ ከመሠረቱ ጀምሮ ውሃ ይስባል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ እጅ ሲያስጠጉት ይርሳል፤ ጥር ላይ ግን ደርቆ ትንሽ ነጭ ዱቄትና የደበዘዘ ምልክት ብቻ ይቀራል። እኛ የምንሸጠው ጥር ላይ ነበር።

ደላላው መጥቶ ዞር ዞር ብሎ አየና ምክሩን ሰጠን። የኋላውን ክፍል ቀለም ቀቡት፤ ቁም ሳጥኑን ወደዚያ ግድግዳ አስጠጉት፤ ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ሮቶውን በቦቴ አስሞሉትና ገዥ ሲመጣ ቧንቧውን ክፈቱለት። «ሁሉም የሚያደርገው ነው» አለን። እውነቱን ነው፤ ብዙ ሰው ያደርገዋል።

ታላቅ ወንድሜ ተስማማ። ክፉ ሰው ስላልሆነ ምክንያቱን በደንብ መስማት ያስፈልጋል። «አንዋሽም» አለ። «ከጠየቀን እንነግረዋለን። ካልጠየቀን ግን ዐይን አለው፣ ይይ። ደግሞ በዚህ ሰፈር ሰው የሚገዛው ቦታውን ነው፤ ቤቱንማ አፍርሶ ፎቅ ይሠራበታል። ገንዘቡም ለእኛ አይደለም፣ የአባባ ዕዳ ነው።»

እኔም ለጊዜው መልስ አጣሁ። ወንድሞቼ፣ እናንተስ ምን ትሉት ነበር?

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ውስጥ በእህል ክምር አጠገብ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱ፤ ጣታቸውም እርጥበት አገኘ። ይህን አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) አስተላልፈውታል፣ ሙስሊምም ዘግበውታል። ነጋዴው ዝናብ መትቶት እንደሆነ ተናገረ። እውነቱን ነበር የተናገረው! ዝናቡን እሱ አላዘነበውም። ነቢዩም ስለ ዝናቡ አልወቀሱትም፤ እህሉን አትሽጥ ወይም ድፋው አላሉትም። የጠየቁት ሰው እንዲያየው እርጥቡን ለምን ከላይ እንዳላደረገው ነው። ከዚያም ሸማቹን የሚያታልል ከእሳቸው ወገን እንዳልሆነ ተናገሩ።

ይህን ሐዲስ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። የገባኝ ግን ያንን ግድግዳ እያየሁ ነው። የእኛንም ግድግዳ ያረጠበው ዝናብ ነው፤ ጉድለቱ ጥፋታችን አይደለም። ጥፋታችን የሚሆነው ከሥር ስናደርገው ነው። ያ ነጋዴም ቢሆን እህሉ ደረቅ ነው ብሎ በአፉ መናገሩ አልተዘገበም። የዋሸለት የክምሩ አደራደር ነበር። ቁም ሳጥንም እንዲሁ ይዋሻል።

ታዲያ ቤት ለሽያጭ ማሰናዳት ሁሉ ማታለል ነው? አይደለም። እዚህ ላይ ሌላ ሐዲስ ይረዳናል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የግመልና የበግ ጡት ሳይታለብ እንዲከርምና ለገበያ እንዲያብጥ ማድረግን ከልክለዋል፤ ገዥውም ካለበ በኋላ ከፈለገ እንዲመልሳት መብት ሰጥተውታል። እንስሳዋን ማጠብ ግን አልተከለከለም። ልዩነቱ ግልጽ ነው። የታጠበች በግ ራሷን ታሳያለች፤ ጡቷ ያበጠ በግ ግን የሌላትን ታሳያለች። የመጀመሪያው ቀን ወተት ሞልቶ ይፈሳል፣ ከዚያ በኋላ እውነቱ ይመጣል። በቦቴ የተሞላው ሮቶ ያው ያበጠው ጡት ነው።

ስለዚህ ግቢውን አጸዳን፣ የተሰበረውን መስታወት ቀየርን፣ የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ አሠራን፣ ሳሎኑንም ቀለም ቀባን። ይህ ሁሉ ሐላል ነው፤ ቤትን አሳምሮ ማቅረብ ገዥንም ማክበር ነው። እውነቱን ለመናገር ሽያጩን ያፈጠነው ቀለሙ ሳይሆን ወረቀቱ ነበር። የወራሽነት ማረጋገጫውን ከፍርድ ቤት ማውጣት፣ ካርታውን ማስተካከል፣ የግብር ደረሰኝ መሰብሰብ፣ የውሃና የመብራት ውዝፍ መክፈል። ፈጥኖ መሸጥ የሚፈልግ ሰው ከዚህ ይጀምር።

ወንድሜ ያነሳው የማፍረስ ጉዳይ ግን አልቀረም። ስለ ሶሓባው ዋሢላ ኢብኑል አስቀዕ (ረ.ዐ) የተዘገበ ታሪክ አለ። አንድ ሰው ግመል ገዝቶ ሲሄድ ተከትለውት ሄዱና ለሥጋ ነው ወይስ ለጉዞ የገዛኸው ብለው ጠየቁት። ለሐጅ ጉዞ መሆኑን ሲነግራቸው ኮቴዋ ላይ ጉድለት እንዳለ አስታወቁት። ሻጩ ንግዴን አበላሸህብኝ ቢላቸውም፣ ጉድለቱን የሚያውቅ ሁሉ ሊናገር እንደሚገባው ከነቢዩ መስማታቸውን ነገሩት።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ጉድለት የሚመዘነው በገዥው ዓላማ ነው። ሊያፈርሰው የገዛ ሰው ስለ ግድግዳው ብንነግረው ግድ አይሰጠውም፤ እኛም ምንም አናጣም። ልጆቹን ይዞ ሊገባበት ከሆነ ደግሞ መናገር ግዴታችን ነው። በሁለቱም መንገድ ዝም የምንልበት ምክንያት የለም። ሁለተኛ፣ ግዴታው የሻጩ ብቻ አይደለም። ደላላውም፣ ቀለም ቀቢውም፣ የሚያውቀው ጎረቤትም አለበት።

ሁሉን ጭረት እንዘርዝር ማለት አይደለም። ዐይን የሚያየው ራሱ ይናገራል። መናገር የሚያስፈልገው ዐይን የማያየው፣ ቢታወቅ ግን ዋጋውን ወይም ውሳኔውን የሚቀይረው ነገር ነው። የአገራችን የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም ቢሆን ጉድለትን ሆን ብሎ የሸሸገ ሻጭ «ኃላፊነት የለብኝም» የሚል ቃል ውሉ ላይ ቢያስገባ እንደማይጠቅመው ይደነግጋል።

የዕዳው ነገርስ? ወንድሜን ያሳመነው ይህ ነበር። ሸሽገን ብንሸጥ የአባባን ዕዳ እንከፍላለን፤ ነገር ግን ከገዥው ያለ ሐቅ የወሰድነው ትርፍ ራሱ ዕዳ ነው። አንዱን ዕዳ በሌላ ዕዳ መለወጥ ነው። ለዚያውም አዲሱ ባለ ዕዳ ገንዘብ እንዳበደረን እንኳ አያውቅም፤ ስለዚህ ይቅር ሊለን አይችልም። የአባታችን ባለ ዕዳዎች ቢያንስ ስማቸው ይታወቃል።

እናቴ ግን ይህን ሁሉ ክርክር አላስፈለጋትም። «አንተን እዚያ ክፍል አስተኝቼህ ነው ክረምቱን ሙሉ ስትስል የከረምከው» አለችው ወንድሜን። «የሰው ልጅም ይተኛበታል።» ወንድሜ ዝም አለ። ከዚያ ተነስቶ ቁም ሳጥኑን ራሱ ገፋው።

የመጀመሪያው ገዥ ሰምቶ ሄደ፤ አልተመለሰም። ደላላው ተቆጣ። ሁለተኛው ሰው ባለሙያ ይዞ መጣ፣ ግድግዳውን አስመታ፣ የማሠሪያውን ያህል ከዋጋው አስቀነሰ። ገዛው። ዕዳው ተከፈለ፤ ለእኛ የተረፈው ካሰብነው ያነሰ ነበር። ያጣነው በሌላ በኩል እጥፍ ሆኖ መጣ ብዬ አላታልላችሁም፤ አልመጣም። እውነት ተናግረው በሚገበያዩ ሁለት ሰዎች ንግድ ላይ በረካ እንደሚወርድ በሐዲስ ተነግሮናል፤ በረካ ግን ሁልጊዜ በብር አይቆጠርም።

ባለፈው ሐምሌ፣ ዶፍ ዝናብ እየጣለ፣ በዚያ ሰፈር ሳልፍ ገዥውን በር ላይ አገኘሁት። መንገድ አልቀየርኩም። «ግባ እንጂ፣ ቡና ተፈልቷል» አለኝ። ገባሁ።

አላህ ገቢያችንን ሐላል፣ ንግዳችንን ባለ በረካ ያድርግልን። የሞቱብንን ይማርልን። ሰው ሊያየው የሚገባውን ከላይ ከሚያደርጉት ያድርገን። አሚን።