ይቅርታ ‹ሎድ› ማድረግ አይደለም

በአንድ ጥያቄ ልጀምር። ካለፈው ሕይወታችሁ አንዲት ሰዓት ብቻ መርጣችሁ፣ ወደ እርሷ ተመልሳችሁ እንድታስተካክሏት ቢፈቀድላችሁ የትኛዋን ትመርጣላችሁ? መልሱን ለማንም መናገር የለባችሁም። ብዙዎቻችን ግን ረጅም ጊዜ ማሰብ የሚያስፈልገን አይመስለኝም። ለእናት የተመለሰ ክፉ ቃል፣ በቁጣ የተላከ መልእክት፣ በንቀት ሳይነሣ የቀረ ስልክ፣ ከጓደኛ ጀርባ የተወራ ወሬ... እያንዳንዳችን የምናውቃት አንዲት ሰዓት አለችን።

ወላጆቻችን «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» ይላሉ። የቴቁሔዋ ብልህ ሴትም በንጉሥ ዳዊት ፊት ቆማ የሰውን ሞት መሬት ላይ ፈስሶ ከማይሰበሰብ ውሃ ጋር አነጻጽራለች (2ኛ ሳሙኤል 14)። የእኛ ትውልድ ግን ይህን አባባል የሚቃወም ነገር በእጁ ይዞ አድጓል። ጌም የተጫወተ ሰው ሁሉ የፈሰሰ ውሃ ሲታፈስ አይቷል። ሴቭ ያደርጋል፣ ይሳሳታል፣ ሎድ ያደርጋል፣ ከዚያም ምንም እንዳልሆነ ይቀጥላል። ይህ ልማድ ስለ ንስሐና ስለ ይቅርታ ባለን አሳብ ላይ ምን እንደሚያደርግ እንድናስብበት ስለ አንድ ጌም ልጻፍላችሁ። ታሪኩን እስከ መጨረሻው ስለምገልጠው፣ ልትጫወቱት ያሰባችሁ ካላችሁ ቅር አይበላችሁ።

ጌሙ «ድራጎን ኩዌስት 11» ይባላል። ተጫዋቹ አንድን ገጸ ባሕርይ ሆኖ ረጅም ታሪክ ውስጥ የሚጓዝበት፣ ሮል ፕሌይንግ የሚባለው ዓይነት ነው። የመጀመሪያው «ድራጎን ኩዌስት» እ.ኤ.አ. በ1986 በጃፓን ወጣ። ታሪኩን ዩጂ ሆሪ፣ ሥዕሉን አኪራ ቶሪያማ፣ ሙዚቃውን ኮይቺ ሱጊያማ ሠሩት። በዚያ ጌም የጃፓን ልጆች ሴቭ ማድረጊያ አልነበራቸውም። ጨዋታውን ሲያቆሙ ጌሙ የሚሰጣቸውን ረጅም የፊደላት ሰንሰለት በወረቀት ይገለብጡ ነበር፤ አንዲት ፊደል የተሳሳተ ልጅ የደከመበት ሁሉ ቀረ ማለት ነው። ጨዋታውን በባትሪ ማስቀመጥ የተቻለው እ.ኤ.አ. በ1988 በወጣው በሦስተኛው ክፍል ነው። 11ኛው በጃፓን በ2017፣ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ ደግሞ በ2018 ወጣ። 12ኛው እየተሠራ መሆኑ በ2021 ተነግሯል።

እኛን የቤተ ክርስቲያን ልጆችን የሚያስገርም አንድ ነገር አለ። በዚህ ጌም ሴቭ በቤተ ክርስቲያን ይደረጋል። በእርግጥ ቤተ ክርስቲያኑም ሃይማኖቱም የፈጠራ ነው፤ የሚሰበክበትም የእኛ ወንጌል አይደለም። ቢሆንም ወደ አንድ ከተማ ስትገቡ መጀመሪያ የምትፈልጉት ካህኑን ነው። በእንግሊዝኛው ትርጉም ሴቭ የምታደርጉበት ምርጫ ስሙ «ኑዛዜ» ነው። ከጓደኞቻችሁ አንዱ በውጊያ ቢሞት ደግሞ ለዚያው ካህን ወርቅ ትከፍላላችሁ፣ ጸሎት ይደረጋል፣ የሞተውም ይነሣል። በቀደሙት ክፍሎች የሞቱት ጓደኞቻችሁ በሬሣ ሣጥን ሆነው ከኋላችሁ ሲጎተቱ ታያላችሁ፤ ያም ቢሆን ከካህኑ ደጃፍ እስክትደርሱ ብቻ ነው። ሰው ይህን ለአሥርና ለሃያ ሰዓት ሲጫወት ሳያውቀው አንድ ትምህርት ይቀስማል። ሞት ዋጋው ጥቂት ወርቅ ነው፤ ኑዛዜ ደግሞ ነገ ብበላሽ የምመለስበት ቦታ ነው።

የጌሙ ደራሲዎች ይህን ትምህርት እናንተ በደንብ እስክትቀስሙት ይጠብቁና ከእጃችሁ ይነጥቁታል።

ከጀግናው ጋር ከሚጓዙት መካከል ቬሮኒካና ሴሬና የሚባሉ መንትዮች አሉ። ቬሮኒካ ኃይለኛ ናት፣ አንደበቷም አይቻልም፤ ሴሬና ዝምተኛና ፈሪ ናት፣ ሁልጊዜም ከእኅቷ ጥላ ሥር ትሆናለች። በታሪኩ መካከል ሞርዴጎን የሚባለው ክፉ ያሸንፋል። የዓለሙ ሕይወት የተንጠለጠለበት ታላቅ ዛፍ ይወድቃል፣ ከተሞች ይፈርሳሉ፣ ጓደኛሞቹም ይበተናሉ። ከብዙ ፍለጋ በኋላ ሲገናኙ ቬሮኒካን በጫካ ውስጥ በትሯን ይዛ፣ ያሸለበች መስላ ያገኟታል። ዛፉ በወደቀ ጊዜ ሌሎቹን አድና እርሷ ሞታለች። እዚህ ላይ ካህን የለም፣ ወርቅም አይሠራም። ስንት ጊዜ ከፍላችሁ ያስነሣችኋት ልጅ አሁን አትነሣም። ሴሬና ረጅም ፀጉሯን ትቆርጣለች፣ የእኅቷን ኃይል ትወርሳለች፣ ትጓዛለች። ሞርዴጎን ይሸነፋል፣ የሠሪዎቹም ስም በስክሪኑ ላይ ይወርዳል። ጌሙ አለቀ ትላላችሁ።

አላለቀም። ከዚያ በኋላ ጓደኛሞቹ አንድ ጥንታዊ ግንብ ያገኛሉ። በግንቡ የጊዜ ጠባቂ አለ፤ ጀግናው ከፈለገ ዛፉ ከመውደቁ በፊት ወደነበረው ጊዜ ሊመለስ እንደሚችል ይነገረዋል። ብቻውን ይሄዳል፣ ወደዚህኛውም ጊዜ ላይመለስ ይችላል። ማንም አያስገድደውም። ተጫዋቹ ጌሙን እዚያው ዘግቶ መነሣት ይችላል።

እስቲ እናንተ በቦታው ብትሆኑ? አትቸኩሉ፤ «መሄድ አለበት» የሚለው ክርክር ብርቱ ነው። ቬሮኒካ ብቻ አይደለችም፤ በፈረሱት ከተሞች ስማቸውን የማናውቃቸው ብዙዎች ሞተዋል። ማዳን የሚችል ሰው «ያለፈ አልፏል» ብሎ ቢቀመጥ ፍቅር የት አለ? ልጅዋን የቀበረች እናት ይህ ግንብ ቢከፈትላት ማን ሊከለክላት ይደፍራል?

«አይሂድ» የሚለውም ክርክር ቀላል አይደለም። በዚያ በጨለመ ዓለም ሴሬና ደፋር ሆናለች። ሲልቫንዶ የሚባለው የሰርከስ ሰው ተስፋ የቆረጡ ሰዎችን ሰብስቦ ከመንደር መንደር እየዞረ ሕዝቡን አስቋል። አልቅሰው የተጽናኑ፣ ተጣልተው የታረቁ ሰዎች አሉ። ጀግናው ወደ ኋላ ሲመለስ ያ ዓለም ምን ይሆናል? ለዚያ ዓለም ሰዎች ሁሉ ብቻውን የመወሰን ሥልጣን ማን ሰጠው? ደግሞም ሲመለስ ቬሮኒካን በሕይወት ያገኛታል፤ ሞርዴጎን ቀድሞ በመሸነፉ ግን ካላስሞስ የሚባል ከእርሱ የባሰ ክፉ ይነሣል።

እዚህ ላይ እንጠንቀቅ። «የሴሬና ድፍረት የተገኘው በእኅቷ ሞት ስለሆነ ሞቷ መልካም ነበር» ብንል እንሳሳታለን። በለቅሶ ቤት እንዲህ ያለ ማጽናኛ የሚናገሩ አሉ፤ ቢቀር ይሻላል። ዮሴፍ እንኳ ለወንድሞቹ ያደረጉት መልካም እንደ ነበር አልነገራቸውም። እነርሱ ክፉ እንዳሰቡ፣ እግዚአብሔር ግን ለመልካም እንዳሰበው ነው የነገራቸው (ዘፍጥረት 50)። ክፉው ክፉ ሆኖ ይቀራል።

እንግዲህ ጥያቄው ወዴት ያደርሰናል? «ምነው ያቺ ሰዓት ተመልሳ በነበር» ስንል በልባችን ሁለት ምኞቶች ተጣምረው ያሉ ይመስለኛል። አንደኛው የተጎዳው ሰው ባልተጎዳ የሚል ነው። ሁለተኛው ጎጂው እኔ ባልሆንኩ የሚል ነው። አንደኛው ፍቅር ነው። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ከኀፍረት መሸሽ ነው። የትኛው እንደሚያይልባችሁ የምትለዩበት አንድ መፈተኛ ልስጣችሁ። የበደላችሁት ሰው ፈጽሞ ቢድን፣ እናንተ ግን ያደረጋችሁት በሰው ዘንድ እንደታወቀ ቢቀር ደስ ይላችኋል? ወይስ የእርሱ ቁስል እንዳለ ሆኖ የእናንተ ስም ቢጠፋላችሁ ትመርጣላችሁ? የጌሙ ጀግና የሚመለሰው ለሌሎች ሲል ነው። እኛ ሎድ ማድረግ የምንመኘው ግን ብዙውን ጊዜ ለራሳችን ነው።

በቴሌግራም የላክነውን መልእክት ከሁለታችንም ስልክ ላይ ማጥፋት እንችላለን። ያነበበው ሰው ግን አንብቧል። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና። አጥፍተን ዝም ስንል እርሱ ቁስሉን ብቻውን ተሸክሞ ይቀራል፣ እኛም ይቅርታ ያገኘን ይመስለናል። ይቅርታ ግን ቢያንስ ሁለት ሰው ይፈልጋል። ሎድ ለማድረግ አንድ ሰው ይበቃል። ሎድ ባደረግን ጊዜ የበደልነው ሰው ምንም አያስታውስም፤ ስለዚህ ይቅር ሊለንም አይችልም። የተሰረዘ በደል ይቅር የተባለ በደል አይደለም።

ቅዱሳት መጻሕፍትን ስንከፍት ጊዜ ወደ ኋላ የተመለሰ የሚመስልበት አንድ ታሪክ እናገኛለን። ንጉሥ ሕዝቅያስ ለሞት ታምሞ በጸለየ ጊዜ ጥላው አሥር ደረጃ ወደ ኋላ ተመለሰለት (2ኛ ነገሥት 20)። ሆኖም ልብ በሉ፤ ወደ ኋላ የተመለሰው ጥላው ነው እንጂ ሕዝቅያስ አይደለም። ለእርሱ የተሰጠው ከፊቱ ያለ 15 ዓመት ነበር። ያም ቢሆን ከስሕተት ነጻ የሆነ ዘመን አልነበረም። በዚያው ምዕራፍ የግምጃ ቤቱን ሁሉ ለባቢሎን መልእክተኞች ያሳያል። በፋንታው የነገሠው ምናሴም ሲነግሥ የ12 ዓመት ልጅ ስለ ነበር የተወለደው በዚያ በተጨመረው ዘመን ነው፤ ምን ያህል ክፋት እንዳደረገም እናውቃለን። አዲስ ሰዓት ማግኘት ብቻውን አዲስ ሰው አያደርግም።

ጴጥሮስን ደግሞ ተመልከቱ። በሊቀ ካህናቱ ግቢ በከሰል እሳት አጠገብ ቆሞ እየሞቀ ጌታውን ሦስት ጊዜ ካደ (ዮሐንስ 18)። ከሙታን የተነሣው ጌታ ያችን ሌሊት መሰረዝ ያቅተው ነበር? አልሰረዛትም። በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ፍም አነደደ፣ ቁርስ አዘጋጀ፣ ከዚያም ሦስት ጊዜ ትወደኛለህን ብሎ ጠየቀው (ዮሐንስ 21)። ጴጥሮስ በሦስተኛው ጥያቄ ማዘኑ ተጽፏል። ለምን እንዳዘነ የማይገባው ሰው አለ? ጌታ ቁስሉ ያለበትን ቦታ ነክቶ ነው የፈወሰው። ክሕደቱ እስከ ዛሬ በአራቱም ወንጌላት እንደ ተጻፈ አለ። ጴጥሮስ ግን ከዚያ በኋላ የሚኖረው የካደ ሰው ሆኖ ብቻ ሳይሆን፣ ካደና በጎቹን እንዲጠብቅ አደራ የተሰጠው ሰው ሆኖ ነው።

እንግዲህ ኑዛዜ ሴቭ ማድረጊያ አይደለም። ነገ ስበላሽ እመለስበታለሁ ብለን የምናስቀምጠው ቦታ አይደለም። በእውነት ከተናዘዝን ወደ ፊት እንድንሄድ ያስነሣናል። ዘኬዎስ የቀማውን ገንዘብ እንዳልተቀማ ማድረግ አልቻለም። አራት እጥፍ መመለስ ግን ችሏል፤ ለዚህም ወደ በደላቸው ሰዎች ደጅ መሄድ ነበረበት። እናንተም መሄድ ያለባችሁ ደጅ ካለ በዚህ ሳምንት ሂዱ። «ይቅርታ» ለማለት ያማረ ቃል አትፈልጉ። ያደረጋችሁትን በስሙ ጥሩት፣ የሚመለስ ነገር ካለ መልሱ፣ መልሱን ደግሞ ለእርሱ ተዉለት። ይቅር ላይል ይችላል፤ ያም መብቱ ነው።

የበደላችሁት ሰው ሞቶ ከሆነስ? ይህን ጥያቄ ከወጣቶች ብዙ ጊዜ እሰማለሁ፤ ቀላል መልስም የለኝም። ይህን ግን እላለሁ። ተስፋችን ከኋላችን አይደለም። መጽሐፍ ቅዱስ በአትክልት ስፍራ ይጀምራል፣ የሚያልቀው ግን በከተማ ነው። እግዚአብሔር ታሪኩን ወደ ኤድን ሎድ አላደረገውም፤ ሁሉን አዲስ ወደሚያደርግበት ቀን እየወሰደው ነው። በዚያ የሚቀበለን ጌታም ከትንሣኤ በኋላ ለቶማስ ያሳየው የችንካር ምልክት በእጁ ያለበት ጌታ ነው። ትንሣኤ ቁስሉን እንዳልነበረ አላደረገውም። የሚያስታውስ፣ የሚያፈቅርም አምላክ ስላለን ሙታናችንን ከነዕዳችን በእርሱ እጅ እንተዋለን። በሕይወት ላሉት ደግሞ የቀረንን ፍቅር እንከፍላለን።

«ታዲያ ጌሙን እንጫወተው?» ትሉኝ ይሆናል። ታሪኩን ለመጨረስ ብዙ ሰው ከ50 ሰዓት በላይ ይፈጅበታል፤ እነዚያ ሰዓታት ደግሞ ከእናንተ ዘመን የሚቆጠሩ ናቸው፣ ማንም ሎድ አያደርግላችሁም። ያን አስባችሁ እናንተው ወስኑ። ከተጫወታችሁት ግን ከግንቡ ደጃፍ ስትደርሱ ቁልፉን ከመጫናችሁ በፊት ጥቂት ቁሙ። እንዲህ ያለ ግንብ በሌለበት ዓለም ውስጥ ዛሬ ማንን ይቅርታ መጠየቅ እንዳለባችሁ አስቡ፤ ስልኩም በአጠገባችሁ ነው።