ብረትና ኅሊና

ሰው በገዛ እጁ አስቀድሞ ያልነበረ ነገር ሠርቶ ባቆመ ጊዜ ከፈጣሪው ሥልጣን ተካፋይ ይሆናልን፣ ወይስ ፈጣሪ ለፍጥረቱ በወሰነው ሕግ ሥር የሚገዛ አገልጋይ ሆኖ ይቀራል? ይህ ጥያቄ የሊቃውንት ጉባኤ ብቻ የሚመረምረው ቢመስልም፣ ከአንድ መኪና የወጣውን የቱርቦ ሞተር ለሌላ መኪና ለማስማማት ሲል፣ በገበያ የማይገኘውን ዕቃ በመኖሪያ ቤቱ ግቢ ራሱ እየቆረጠ፣ እየበየደና እየሞረደ በሚያበጅ ሰው ፊትም ሙሉ ክብደቱን ይዞ ይቆማል። በፋብሪካ የሚሠራ ሰው ሥራውን የሚመዝንለት ሌላ መርማሪ አለው፤ በቤቱ የሚሠራው ግን ሠሪም፣ መርማሪም፣ ፈራጅም ራሱ ስለ ሆነ፣ በሥራውና በኅሊናው መካከል የሚቆም ሦስተኛ ወገን የለም።

ቱርቦ የሚባለውን መሣሪያ አስቦ በ1905 እ.ኤ.አ. ፓተንት ያወጣበት የስዊስ መሐንዲስ አልፍሬድ ቢዩኺ ነው። ከነዳጁ ኃይል ሢሶ የሚያህለው ከጢሱ ጋር በከንቱ ይባክናልና፣ ይህ ትኩስ ጢስ አንድ መዘውር እንዲያዞር፣ እርሱም በዚያው ዘንግ ላይ ያለውን ሁለተኛ መዘውር እያሽከረከረ ንጹሑን አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ እንዲያስገባ ተደረገ፤ ዘንጉም በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ እስከ መዞር ይደርሳል። ቶዮታ በ1990 እ.ኤ.አ. ያወጣው ባለ ስድስት ሲሊንደሩና ባለ 2.5 ሊትሩ ዋን ጄዜድ ሞተር በቱርቦው ዓይነት 280 የፈረስ ጉልበት ያህል ስለሚሰጥ፣ በብዙ አገር ያሉ በቤታቸው የሚሠሩ ጥበበኞች ከተሠራለት መኪና አውጥተው በሌላ ኩባንያ መኪና ውስጥ ይተክሉታል። በዚያ መኪና ግን ለዚህ ሞተር የተዘጋጀ አንዳች ነገር የለም፤ ሞተሩን ከሻንሲው ጋር የሚይዘው ድጋፍ፣ ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኘው ወፍራም ብረት፣ የቱርቦው የዘይት መሄጃና መመለሻ ቧንቧ፣ ጢሱን ከቴስታታው ተቀብሎ ለቱርቦው የሚያቀብለው ማኒፎልድ፣ ይህ ሁሉ በሠሪው እጅ አዲስ መውጣት አለበት።

ከእነዚህ ሁሉ ማኒፎልዱን ብቻ ቀርበን እንመልከት። ሠሪው ጓርኒሲዮኑን በወፍራም ብረት ላይ አስተኝቶ የቀዳዳዎቹን ቅርጽ ይነድፋል፤ ይቆርጣል፤ ቧንቧዎቹንም አንድ በአንድ እያስማማ ይበይዳል። ብየዳ ግን ብረቱን በሙቀት ያጣምመዋል፤ ስለዚህ አስተዋይ ሠሪ ሥራውን ከከባድ ብረት ጋር በቡሎን አጥብቆ ካሰረው በኋላ ጥቂት በይዶ ይተዋል፤ ወደ ማዶው ወገን ተሻግሮ ደግሞ ጥቂት ይበይዳል፤ ሳይቀዘቅዝም አይፈታውም። በመጨረሻ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በፊቱ ላይ አጋድሞ ወደ ብርሃን ያነሣዋል፤ ከማስመሪያው ሥር ብርሃን ሾልኮ ከታየ ፊቱ ተጣሟልና እንደገና መስተካከል አለበት። ነገሩ በዚህም አያበቃም፤ ግማሽ ሜትር የሚሆን የብረት ቧንቧ ሙቀቱ በ800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር ርዝመቱ ወደ 5 ሚሊሜትር ያድጋልና፣ ለዚህ እድገት ቦታ ያልተወ ሠሪ፣ ብየዳው ምንም ያማረ ቢሆን፣ ውሎ አድሮ ተሰንጥቆ ያገኘዋል።

የጥያቄው መልስ እንግዲህ ከዚህ ይጀምራል። እግዚአብሔር ፍጥረትን እምኀበ አልቦ፣ ካለመኖር ወደ መኖር አምጥቷል፤ ሰው ግን የሚሠራው ከተሰጠው ነገር ነው፤ የተሰጠውም ነገር ባሕርዩንና ሕጉን ይዞ መጥቷል። ብረት ሲሞቅ እንዲያድግ ያዘዘው ሰው አይደለም፤ ሊከለክለውም አይቻለውም፤ የሚቻለው ሕጉን አውቆ የራሱን ፈቃድ ከሕጉ ጋር ማስማማት ብቻ ነው። ቅን አሳብ የተሰነጠቀውን አይገጥምም፤ ጸሎትም የልኬትን ሥራ አይተካም። እግዚአብሔር የተጸጸተውን ይምራል፤ ብረት ግን ምሕረት የለውምና፣ የብረት ሠሪ ንስሐ የተበላሸውን ቆርጦ መጣልና ሥራውን ከመጀመሪያው ማንሣት ነው። ይህን የለመደ ሰው ትሕትናን ከቃል ብቻ ሳይሆን ከግብርም ተምሯል።

ቅዱሳት መጻሕፍትም ይህን ግብር አላቃለሉም። ከይሁዳ ነገድ የሆነው ባስልኤል በወርቅ፣ በብርና በናስ ይሠራ ዘንድ የእግዚአብሔር መንፈስ እንደ መላበት በኦሪት ዘፀአት ተነግሯል፤ መጽሐፈ ሲራክም በእሳት ወላፈን ፊት የሚደክመውን ብረት ሠሪ ካነሣ በኋላ፣ እንዲህ ያሉ ሰዎች ባይኖሩ ከተማ ሊጸና እንደማይችል ያስተምራል። በአገራችን ግን ማረሻውንና መስቀሉን ከእጁ የምንቀበለውን ሰው ቀጥቃጭና ቡዳ እያልን ስናዋርደው ብዙ ዘመን ኖረናል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው ማንም እንዳይሰድበው ባወጁ ጊዜ ያነሡት የመንግሥት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሃይማኖትም ጉዳይ ነበር፤ ጥበብን የሚሰጥ እግዚአብሔር ከሆነ፣ ጥበበኛውን መናቅ ሰጪውን መናቅ ነውና።

አንባቢ ግን፣ ባስልኤል የደከመው ለመቅደስ ነው፣ ይህ ሰው የሚደክመው ለፍጥነት ፍትወት ነው፣ ሁለቱን ምን ያገናኛቸዋል ብሎ ቢጠይቅ፣ ጥያቄው የሚገባ ነው። ፍጥነት ትምክህትን እንደሚወልድ መካድ አይቻልም። ለደካማው ሞተር የተሠራውን ፍሬን እንደ ነበረ ትቶ የሞተሩን ጉልበት እጥፍ ያደረገ ሰው፣ እጁ ምንም የሠለጠነ ቢሆን በደለኛ ነው፤ መንገዱ የእርሱ ብቻ አይደለምና፣ መንገዱን የሚሻገረው ሕፃንም ስለዚያ ሞተር ፈቃዱን አልተጠየቀምና። ፍሬኑን አስቀድሞ ያጸና ሰው ግን፣ ደስታው ከባልንጀራው ደኅንነት በታች መሆኑን በሥራው መስክሯል።

ከዚህም የጠለቀ ፈተና አለ። በብየዳ ጊዜ ወደ ቧንቧው ውስጥ የዘለቀ የብረት ፍንጣሪ በዚያው ተጣብቆ ይቀራል፤ የሚያየውም ሠሪው ብቻ ነው፤ ያውም ማኒፎልዱ ከመገጠሙ በፊት። ቢተወው ሥራው በዚያው ቀን ያልቃል፤ ሞተሩም ይነሣል፤ ነገር ግን ፍንጣሪው አንድ ቀን በሙቀት ተላቆ ከሚሽከረከረው መዘውር ጋር ሲጋጭ ክንፎቹን ይሰብራል፤ በዚያን ጊዜም መኪናው ምናልባት ተሸጦ፣ ስለ ብየዳው ምንም በማያውቅ ሰው እጅ ይገኛል። ሠሪው ፍንጣሪውን ሞርዶ ለማውጣት ወይም ለመተው በሚወስንባት ሰዓት የሰው ሕግ አይደርስበትም፤ የሚያመሰግነውም የሚወቅሰውም የለም፤ ያለው ኅሊናና ኅሊናን የሰጠ ጌታ ብቻ ነው። እግዚአብሔር የሰው ዓይን የማይደርስበትን የባሕር ጥልቅ እንኳ በሥርዓት ሠርቷልና፣ የሰው ሥራ ከፈጣሪው ሥራ ጋር የሚመሳሰልበት መንገድ ቢኖር፣ በኃይል ብዛት ሳይሆን ማንም በማያየው ወገን መልካም ሆኖ በመገኘት ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ በቤታችሁ የምትሠሩ ወጣቶች ሆይ፣ የማታውቁትን ከሚያውቀው የቶርኖ ሠራተኛ ጠይቁ፤ ከሞተሩ በፊት ፍሬኑን አጽኑ፤ መኪናውን በሸጣችሁ ጊዜ በውስጡ ምን እንደ ሠራችሁ አንድም ሳትደብቁ ለገዢው ንገሩ። ወላጆችም ልጃችሁ እጁ በዘይት ጠቁሮ ወደ ቤት ሲገባ ሥራውን አትናቁበት፤ ይልቁንም የማይታየውን ወገን እንዴት አድርጎ እንደ ሠራው ጠይቁት። የሠሪ ክብር የሚለካው በዚያ መልስ ነው።